ሰዓት የማይቆጠርበት መንገድ

ቬርሳክ፣ ሚያዝያ 1904

ውድ ባለቤቴ ፊርመን፣

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የከንቲባው ጸሐፊ አደባባዩ ላይ ቆሞ፣ ከእንግዲህ የመኪና ውድድር በከተማችን እንደማያልፍ አነበበልን። መንግሥት ከከተማ ወደ ከተማ መሽቀዳደምን ከልክሏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ሰዉ አጨበጨበ፤ ዳቦ ጋጋሪው ባርኔጣውን አውልቆ አማተበ። እኔ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ወንድሟን በውድድር ያጣች ሴት በደስታ የምታለቅስ መስሏቸው ጎረቤቶች አቀፉኝ። ያለቀስኩት በዚህ ግንቦት ከተወዳዳሪዎቹ ጋር ታልፋለህ ብዬ እጠብቅህ ስለነበር ነው።

ሌላ ምን ተስፋ ነበረኝ? ከሄድክ ወዲህ አንዲት ቃል አልላክህልኝም። ውድድሩ ግን በደጃችን ማለፉ አይቀርም ነበር። ከተማ ውስጥ ደግሞ መኪናው ሁሉ በብስክሌት እየተመራ ቀስ ብሎ መሄድ አለበት፤ ከመግቢያው የኖራ መስመር እስከ መውጫው ድረስ ሰዓት አይቆጠርም። ያቺን መንገድ ከጎንህ እራመዳለሁ፣ ብታናግረኝም ባታናግረኝም ፊትህን አያለሁ ብዬ ክረምቱን ሁሉ በዚህ ኖርኩ።

አምና የገባህበት ቀን ከዓይኔ አይጠፋም። ቀድመው ያለፉት ሾፌሮች ከኋላ ሰው መሞቱን እየነገሩን ነበር፤ አንዱ በአቧራው ውስጥ ዛፍ መትቶ፣ ሌላው ባቡር መሻገሪያው ላይ ተገልብጦ። እማዬ መቁጠሪያዋን ይዛ መስኮት ላይ ነበረች። ከዚያ የአለቃህ የሙሴ ላንግላድ መኪና መጣና መስመሩ ላይ ቆመ። ከጎኑ ተቀምጠህ በእጅ ፓምፕ ዘይት ወደ ሞተሩ የምትገፋው መካኒክ አንተ መሆንህን ያወቅሁት እኔ በሠራሁልህ የአንገት ልብስ ነው። ፊትህማ ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው ፊት ሆኖ ነበር።

ከመስመሩ ጀምሮ የመራችሁ አንሴልም ነው። ወንድሜ ፖስተኛ ስለሆነና ብስክሌት ላይ የተወለደ ስለሚመስል ኮሚቴው እሱን መርጦ ነበር። አንተ መኪና ላይ ተቀምጠህ እሱ ከፊትህ ፔዳል መምታቱ እንዴት እንዳንገበገበው ታውቃለህ። እሑድ ምሳ ላይ በመጣህ ቁጥር "አንድ ቀን ቦታህን ትለቅልኛለህ" እያለ ይቀልድብህ ነበር።

እጅጌህን ይዤ ከመኪናው ጋር መራመድ ጀመርኩ። አንሴልም ዞር ብሎ አየኝና ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ጊዜ እንዳገኝ ብሎ ነው። በጣም ከመዘግየቱ የተነሳ ብስክሌቱ ይወላገድ ጀመር። ከሰዉ መሃል አንዱ፣ የምትመራው መኪና ነው ወይስ ቀንድ አውጣ ሲለው፣ ቀንድ አውጣ ብትሆንማ ኖሮ በነጭ ሽንኩርት እበላት ነበር ብሎ መለሰለት። ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

"ውረድ" አልኩህ።

"ኦርታንስ፣ ሰው እያየን ነው።"

"ይየን። የመጨረሻዬ ነው ያልከኝ ስንቴ ነው? ዛሬ ይሁን። ውረድ።"

ያኔ ጓንትህን አውልቀህ እጅህን አሳየኸኝ። ጣቶችህን ልታጥፍ ሞከርክ፣ አልታጠፉም። ሙሴ ላንግላድ እንዳይሰማ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ "እጄ እምቢ ብሎኛል" አልክ። "ግን እንዴት ብዬ ልውረድ?"

"በእግርህ" አልኩህ።

መውጫው መስመር ጋ ስንደርስ ወረድክ። ሙሴ ላንግላድ እንኳን አልተቆጣም። ከባልዲ ውሃ እየጠጣ፣ ክብሪት እንደሚለምን ሰው፣ ታዲያ ዘይቱን ማን ይገፋልኛል ብሎ ጠየቀ። አንሴልም ከብስክሌቱ ወርዶ ወደ አንተ መጣ። የአቧራ መነጽርህን ከአንገትህ ላይ መንጭቆ አጠለቀና ብስክሌቱን ወደኔ ገፋው።

"እህቴ፣ ባልሽን ያዥ" አለኝ እየሳቀ። "ብስክሌቴንም ያዥ፤ ነገ ደብዳቤ አድልበታለሁ።"

ሁለታችሁንም ያዝኩ፤ አንተን በቀኝ፣ ብስክሌቱን በግራ። ማናችንም ተው አላልነውም። ቦታህ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ባንዲራው ወረደ፣ አቧራው ተነሳ፣ እሱ እንኳ ዞር ብሎ አላየንም።

ወሬውን ያመጣው የወይን በርሜል የሚጭነው ጋሪ ነጂ ነው። መኪናው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ጠምዛዛ መንገድ ላይ ተገልብጦ ሾፌሩ ተርፏል፣ ከጎኑ የነበረው ግን ወዲያው ሞቷል አለን። እኔ ክንድህን ጨምድጄ "ተመስገን፣ አንተ አልሆንክ" አልኩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔ ግን ቃሉ ከአፌ ሲወጣ በደንብ ሰምቼዋለሁ። አንተም ሰማህ። እማዬም ከኋላዬ ቆማ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ምን ቤት ነበረን? እማዬ ሾርባ ትቀዳልሃለች፣ ፊትህን ግን አታይም። እኔንም አታየኝም። አንተ እየቆየህ ጭራሽ መመገቢያ ቤት መግባት ተውክ፤ ዳቦህን ጋራዡ ውስጥ ቆመህ ትበላ ነበር። ወይኑ ሊለቀም ሲል አንድ ማታ ወደ ጓሮ መጥተህ ጠየቅኸኝ።

"እኔ በመትረፌ ደስ ብሎሻል አይደል?"

ደስ አላለኝም ብልህ ኖሮ ምናልባት ትቀር ነበር። ውሸት ደግሞ እችላለሁ፤ ለእማዬ ስንቱን ዋሽቻለሁ። ያን ማታ ግን አልቻልኩም።

"ወንድሜን ሌት ተቀን አለቅሰዋለሁ" አልኩህ። "አንተ በመትረፍህ ግን አዎ፣ ደስ ብሎኛል።"

"እኔ ግን ደስ ሊለኝ አልቻለም" አልክና ገባህ። በሳምንቱ ወደ ሙሴ ላንግላድ ተመለስክ፤ ያቺው መኪና ተጠግና፣ ያቺው መቀመጫ ላይ። ከሞት መንጋጋ ጎትቼ ያወጣሁህ ሰውዬ፣ በራስህ እግር ሄደህ ገባህበት።

አሁን ውድድሩ ታጥሮ በተዘጋ መንገድ ላይ እንደሚሆን ሰማሁ። እየዞሩ እየዞሩ ወደተነሱበት መመለስ ነው አሉ። በመሃሉ ከተማ የለም፣ በብስክሌት የሚመራ የለም፣ ሰዓት የማይቆጠርበት አንዲት ስንዝር መንገድ የለም። እጅህ እንደገና እምቢ ቢልህ እጅጌህን ይዞ የሚራመድ ሰው ከየት ይመጣል? ስትሞትም ከጋዜጣ ነው የምሰማው። ይህን የምልህ ላስፈራራህ አይደለም። አምኜበት ነው።

ተመለስ አልልህም፤ ብልህም አትመጣም፤ ብትመጣም እማዬ ፊትህን አታይም። ብስክሌቱ ኮሪደሩ ውስጥ ቆሟል። ፖስታ ቤቱ ልውሰደው ብሎ ሰው ልኮብኝ ነበር፣ አልሰጠሁም። አንሴልም ያዥ ብሎ ከሰጠኝ ከሁለቱ በእጄ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

ኦርታንስ