ቀይ ቀለሙን ሳይጨርሱ ለተለዩን የደን ባለሙያ ለአቶ የኋላሸት ተሜ

የጅግጅጋ ዙሪያ የዋንዛ ደን ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ የደን ባለሙያው አቶ የኋላሸት ተሜ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በደኑ ውስጥ በሥራ ላይ ሳሉ በድንገት ታመው ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለሠራተኞቹና ለአካባቢው ሕዝብ የሚያሳውቀው በከባድ ሐዘን ነው።

አቶ የኋላሸት ከደብረ ብርሃን ወደ ጅግጅጋ የመጡት በ2011 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት የዋንዛዎቹን የአናት ስፋት ከግንዳቸው ውፍረት ጋር እያስተያዩ መለካት ጀመሩ። ቅርንጫፉ የሰፋና ቅጠሉ የበዛ ዛፍ ግንዱም እንደሚወፍር፣ ተጠጋግተው ያደጉት ግን ቁመት እንጂ ጣውላ እንደማይሰጡ ለአባላቱ አስረድተዋል። በምክራቸውም ደኑ እንዲሳሳ ተደርጓል።

በ2014 ዓ.ም. ድርቅ ከሀርሺን ወረዳ የመጡ አርብቶ አደሮች ለፍየሎቻቸው ቅጠል ሲጠይቁ ማኅበሩ እምቢ ማለት አልቻለም። የመጀመሪያዎቹ ረድፎች እስከ ጫፋቸው ተመለመሉ፤ እነዚያ ዛፎች እስከ ዛሬ አልወፈሩም። አቶ የኋላሸት ፍየሉም እንዳይሞት ጣውላውም እንዳይቀር ብለው በቀሪዎቹ ዛፎች ግንድ ላይ፣ በቁመታቸው አጋማሽ፣ ቀይ ምልክት አደረጉ። ከምልክቱ በታች ያለው ቅርንጫፍ ለፍየል፣ በላይ ያለው ለዛፉ ሆነ። ዛፉ ስለሚያድግም በየበጋው መሰላል ይዘው ምልክቱን ከፍ አድርገው ይቀቡ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ምልክቱ ከተከበረላቸው ረድፎች የተገኘው ጣውላ ለትምህርት ቤት ዴስክ ውሏል። እስከ ጫፍ ከተመለመሉት የወጣው ማገር ብቻ ነው።

ዘንድሮ ቀለሙ የደረሰው እስከ ደኑ እኩሌታ ነው። መሰላሉ ካቆሙበት ዛፍ ላይ እንደተደገፈ አለ።

ሥርዓተ ቀብራቸው በማግስቱ በጅግጅጋ ተፈጽሟል። ማኅበሩ ለባለቤታቸው ለወ/ሮ ፍቅርአዲስ፣ ለልጃቸው ለሮዛና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ ፈጣሪ ብርታቱን እንዲሰጥ ይለምናል።

በጋው ከብዷል፤ ፍየሎቹም ደኑ ዳር ደርሰዋል። በተቀቡት ረድፎች ከምልክቱ በታች ያለው ቅጠል አልቋል፤ ዘንድሮ ካልተቀቡት ረድፎች ግን አንድም ቅርንጫፍ አልተቆረጠም። የአርብቶ አደሮቹ ተወካይ አቶ ዐብዲወሊ ሐዘናቸውን ገልጸው ለማኅበሩ የላኩት ቃል እንዲህ ይላል፦ «እንስሶቻችን ርቧቸዋል። የኋላሸት ያላሳየንን ግን አንነካም። ቀለም የሚቀባ ሰው ላኩልን።»

ማኅበሩ ሌላ የደን ባለሙያ ስለሌለው ለጊዜው የሚልከው ሰው የለውም።

የማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ
ጅግጅጋ