ጠበሉ ዘንድ የቀበርኩት ሽቦ

ሰኔ 27፣ 1956

የአሥረኛ ክፍልን ፈተና አርሜ ጨረስኩ። የብርሃን ስብረትን ጥያቄ ከአርባ ሁለት ልጆች የመለሱት ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ጥፋቱ የማን ነው? የኔ ሳይሆን አይቀርም…

ከአዲስ አበባ ኮሌጁ ደግሞ ጽፏል። ለምርምር ና ይላል። ባለቤቴ ይመኙሽ አንብባ፣ "ምን ልትላቸው ነው?" አለች። ቤቴም ቤተ ክርስቲያኔም ጎንደር ነው እላቸዋለሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

ሐምሌ 9

ሽቦው መጣ። የአራዳው ነጋዴ ሷሊሕ ነው ከአስመራ ያስመጣልኝ። ድፍን መዳብ፣ የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው።

"ለመስጊዱም ትሠራለህ" አለኝ እየሳቀ። "መብረቅ እንደሁ ሃይማኖት አይለይ።"

አምና የአገራችንን የማርያምን ጣራ መብረቅ በላው። ዘንድሮ በቆርቆሮ ተሠርቷል። ከጉልላቱ እስከ መሬት ሽቦ ላወርድለት ለሕዝቡ ቃል ገብቻለሁ። ፊዚክስ ተምሬ ለተወለድኩበት ደብር ያደረግሁት ነገር ቢኖር ይኼ ነው።

ሐምሌ 14

ከአምባ ጊዮርጊስ ሁለት ሰዓት በእግር። ሽቦው በበቅሎ።

እህቴ አባይነሽ ጣራው ላይ ሆኜ ስታየኝ ከታች ጮኸች። "ፋንቱ! ባሕር ማዶ ድረስ የሄድከው አጥር ለማጠር ነው?" ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ የፈለገችውን ትበል። እግሯ ያነክሳል። በፍልሰታ ሱባኤ ይዤ ጠበል እጠመቃለሁ ትላለች።

የቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ አለት ነው። እርጥብ አፈር ያለው ከታች፣ ጠበሉ ዘንድ ብቻ። ባሏ አድማሴ ዶማውን ተደግፎ ጠየቀኝ።

"ምነው እዚያ ድረስ? እላይ ደረቁ ላይ አይሆንም?"

"ደረቅ መሬት መብረቅ አይውጥም፣ አያ አድማሴ።"

ቆፈረ። ሽቦውን ቀበርን።

ሐምሌ 15

ጠበሉን አሰብኩት። መብረቁ በሽቦው ሲወርድ ውኃው ውስጥ ሰው ቢኖርስ? ነጎድጓድ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠበልተኛ የሚጠመቀው ጠዋት፣ እህል ሳይቀምስ። አይገናኙም። ደረቁ ላይ በጥልቅ ጉድጓድ፣ መሬቱ እንዲውጥ ከሰልና ጨው ጨምሮ መቅበርም ይቻል ነበር… ግን የሦስት ቀን ቁፋሮ ነው። አውቶቡሱ ደግሞ ነገ ነው።

ነሐሴ 12

ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች። በዚህ ሰዓት ሽማግሌ ከመጣ መርዶ ነው።

"አባይነሽ" አሉ። ትናንት። መብረቅ።

"የት?" አልኩ።

ሰው "እንዴት" ይላል። "መቼ" ይላል። እኔ "የት" አልኩ። ይመኙሽ ቀና ብላ አየችኝ።

ነሐሴ 13

ቀብሯ ላይ አልደረስኩም።

ቡሄ ነው። ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ። በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ።

በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። የሚጾም ሰው ቀኑን ሙሉ ይጠመቃል። ስምንት ሰዓት ላይ ውኃው ውስጥ ቆማ ነበር። እኔም እኮ እየጾምኩ ነበር። የቄስ ልጅ ነኝ። ይህን እንዴት ረሳሁ?

ጣራው ምንም አልሆነም። ሕዝቡ እጄን ይስማል። "ማርያምን አዳንክልን፤ እሷን ደግሞ እግዜር ወደዳት" ይሉኛል። የጎረቤት ደብር ሰዎች አንድ ማሰሮ ማር ይዘው መጡ። ለኛም ሥራልን አሉ። አድማሴ አቅፎኝ አለቀሰ። "አንተ ባትኖር ቤተ ክርስቲያኑም አብሯት ይሄድ ነበር" አለ።

ማሩን ተቀበልኩ።

ነሐሴ 24

ለይመኙሽ ነገርኳት።

"ብትነግራቸው ትነሣለች?"

"አትነሣም።"

"ታዲያ?"

 

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ልጆች ዝናቡ ዛሬ ጠበል ነው ብለው ደጅ ይጠመቃሉ። መስኮቱን ዘጋሁ።

መስከረም 4

ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የንስሐ አባቴ አባ ወልደ ዮሐንስ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ሳታውቅ ያደረግኸው ነው፣ ልጄ።"

"አውቅ ነበር፣ አባ። መብረቅ ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ምን እንደሚያደርግ በየዓመቱ አስተምራለሁ።"

መስቀላቸውን አሳለሙኝ። "ስግደቱን እሰጥሃለሁ። ለእግዜር ነግረኸዋል። ለሰውዬውስ?"

መስከረም 11

ከወንዙ ድንጋይ መረጥኩ። እንደ አባቶቼ የይቅርታ ደንብ ጫንቃዬ ላይ አድርጌ፣ ሁለት ሽማግሌ ይዤ፣ አድማሴ ደጅ ጎንበስ ብዬ ቆምኩ።

"ምነው? ምን ሆነሃል አንተ?" አለ ደንግጦ። "ሰው ገደልክ እንዴ?"

"አዎ።"

ነገርኩት። መብረቁን ከጣራው ወደ ውኃው ያወረደው ሽቦዬ መሆኑን። ሌላ መንገድ እንዳለ ማወቄን። ሦስት ቀን መቆየት ሰንፌ መሄዴን።

ሽማግሌዎቹ "ስለ ማርያም ብለህ፣ አያ አድማሴ" ይላሉ።

"እኔ ነኝ የቆፈርኩት" አለ በመጨረሻ። "በዚህ እጄ። ደግሞ ጠይቄህ ነበር።"

ገባና በሩን ዘጋ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆምኩ። በሩ ተከፈተ። ድንጋዩን ራሱ ከጫንቃዬ አነሣው። ይቅር ብዬሃለሁ አላለም።

"ነገ ዶማ ይዘህ ና" አለ።

መስከረም 14

ሦስት ቀን ቆፈርን። ሰው በማይደርስበት፣ በገደሉ በኩል፣ ደረቁ ላይ። እሱ አለቱን ይፈነቅላል፣ እኔ አወጣለሁ። "ይበቃል?" ይላል። "ትንሽ" እላለሁ። ከሰሉን እኔ፣ ጨውን እሱ አመጣ። ሽቦውን ከጠበሉ ነቅለን እዚያ ቀበርነው። ክረምት እስኪመጣ መሥራቱን ማንም አያውቅም። እኔም።

አገሩ ሁሉ ሰምቷል። እጄን የሚስም የለም። ማር ያመጡት ሰዎች ቀርተዋል።

ነገ አርባዋ ነው። "ሰው ሳይሰበሰብ ሂድ" አለኝ አድማሴ። ለኔ አዝኖ ነው? ወይስ እኔን ማየት አቅቶት? አልጠየቅሁትም።

እስከ መንገዱ አብሮኝ መጣ። ማኪናው ሲቆም እጄን ዘረጋሁ። አልጨበጠኝም። ቦርሳዬን ተቀብሎኝ ራሱ ጫነው።

ስንነሣ ዞሬ አየሁ። ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። አልሄደም ግን።