በፌስታል ስለሚሰጠው የደም ካንሰር መድኃኒት

ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ
ቀን፦ 12/3/2016

ጉዳዩ፦ የመድኃኒት ክፍሉ ያደረሰብንን ጉዳት እና ዛሬውኑ መፈለግ ያለባትን ወጣት ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ልብስ ሰፊ ነኝ። የባለቤቴ እናት የደም ካንሰር ይዟቸው በሆስፒታልዎ ሲታከሙ፣ በየቀኑ በአፍ የሚወሰድ ካፕሱል ታዘዘላቸው። ከመድኃኒት ክፍሉ መስኮት የምቀበለውም የምሰጣቸውም እኔ ነበርኩ። ባለሙያው ካፕሱሉን ከካርቶኑ አውጥተው በፌስታል ያስረክቡኛል። ካርቶኑ ላይ የነፍሰ ጡር ሥዕል በቀይ መስመር ተሰርዞ እንደታተመ ያወቅሁት ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

2. አማቴ ጉሮሯቸው ቆስሎ መዋጥ ሲያቅታቸው ለባለሙያው ነገርኳቸው። «ክፈቺውና በውሃ በጥብጠሽ ስጫቸው፤ ዞሮ ዞሮ ሆድ ነው የሚገባው» አሉኝ። እንደተባልኩት አደረግሁ። እንዳይመራቸው መጀመሪያ እኔ እየቀመስኩ፣ ስኳር እየጨመርኩ አጠጣኋቸው። በዚያው ሰሞን አረገዝኩ። መስኮቱ ሥር ሲያስመልሰኝ ባለሙያው ስቀው «እንኳን ደስ ያለሽ፤ ወንድ ነው መሰለኝ» ብለው ያንኑ ፌስታል አቀበሉኝ። «ማርገዟን አላወቅንም» እንዳይባል ይህን ጻፍኩ።

3. አማቴ ተሻላቸው፤ ከአልጋ ተነሥተው ደጅ መውጣት ጀመሩ። ልጄ ግን ያለ ክንድ ተወለደ። ጣቶቹ የበቀሉት ከትከሻው ነው። የሕፃናት ሐኪሟ በእርግዝናዬ ጊዜ ምን እንደነካሁ ስትጠይቀኝ፣ የመበጥበጡን ነገር አወራኋት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እርጉዝ ሴት ይሄን ከፍታ መንካት እንኳ የለባትም። ማንም አልነገረሽም?» አለችኝ። አማቴ አጠገቤ ተቀምጠው ሰሙ።

4. ቤት እንደገባን ባለቤቴ ልጁን ከነመጠቅለያው አንሥቶ እናቱ ጭን ላይ አስቀመጠውና «ይኸው እማዬ፣ የዳንሽበት» አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መድኃኒቱን ሳቀርብላቸው አፋቸውን ግጥም ያደርጋሉ። ለመንኳቸው፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ እምቢ አሉ። በሽታው ተመልሶ ወሰዳቸው። ቀብራቸው ላይ ባለቤቴ ከሰው ሁሉ ርቆ ቆመ።

5. ለመጀመሪያው አቤቱታዬ ጽሕፈት ቤትዎ «ታካሚያችን ጥሩ ለውጥ አሳይተዋል፤ እርስዎ ደግሞ ታካሚያችን ስላልሆኑ የሚታይ ጉዳይ የለም» የሚል መልስ ሰጥቶኛል። መልሱ የደረሰኝ አማቴን በቀበርን ማግሥት ነው።

6. ትናንት የተረፈውን ካፕሱል ልመልስ ስሄድ፣ እዚያው መስኮት ላይ እኚያው ባለሙያ ለአንዲት ወጣት በፌስታል ሲሰጡ ደረስኩ። «አባቴ መዋጥ አቅቶታል» ስትላቸው «ክፈቺው» አሏት። «አትንኪው!» ብዬ ጮህኩ። እጇን ይዤ «እርጉዝ ነሽ እንዴ?» አልኳት። አፍራ አቀረቀረች። ባለሙያው «እብድ ናት፣ አውጣልኝ» አሉ፤ ዘበኛው ብብቴን ይዞ አስወጣኝ። ልጅቷ ፌስታሉን ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት በመስታወቱ አየኋት።

ስለዚህ ካፕሱሉ ከነካርቶኑና ከነማስጠንቀቂያው እንዲሰጥ፣ ባለሙያውም ከዚያ መስኮት እንዲነሡ በትሕትና አመለክታለሁ። ይህ ግን ይደር ቢባል ይደር። የልጅቷ አባት ካርድ እናንተው ዘንድ ነው፤ ስልክም አይጠፋውም። እባክዎ ያስደውሉላት። ትናንት አንዱን ከፍታ ቀምሳው ይሆናል። የዛሬው ላይ ግን ይደርሳሉ።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
አመልካች፣ የሟች ምራት