ሁሉ ደህና ነው ያልንበት ካምፕ

ረቡዕ

አልሄድም! ማንም ሂጂ አላለኝም፣ ግን ቀድሜ ልናገር። ፍራሼን አንጥፌያለሁ፣ ጫማዬን አልጋው ሥር ከትቻለሁ። እሑድ የልጅ ልጄ ሊዲያዬ ሳትጠመቅ ከዚህ የሚነቅለኝ የለም።

የቤተ ክርስቲያናችን ካምፕ ነው፤ ከቶሮንቶ ዳር፣ ሐይቁ ጋ። ፎቶውን ሲያሳዩን ገነት ነበር። ስንደርስ ሣሩ ጉልበቴን ያልፋል። የምናድርበት ካቢን መስኮቱ በካርቶን ተደፍኗል። ሻወሩን ብትከፍቺው እንደ ሽማግሌ ያስላል እንጂ ውኃ የለውም። ሽንት ቤቱንማ አልጽፈውም፣ ወረቀቱ ይሸታል። ልጄ ሰናይት አፍንጫዋን ይዛ ገብታ አፍንጫዋን ይዛ ወጣች።

ሴንት ጄምስ ታውን ያለው ሕንፃችን ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር ስሳደብ ኖሬያለሁ። ይቅር ይበለኝ፣ ቤተ መንግሥት ነው ለካ።

ከሁሉ የከፋው፣ ወደ ሐይቁ የሚያወርደው በር በሰንሰለት ታስሯል። ጥምቀቱ እኮ እዚያ ነው! ቁልፉ የት ነው ሲባል ማናጀሩ ጋ። ማናጀሩ የት ነው ሲባል ማንም አያውቅም።

ሐሙስ

ማናጀሩ ተገኘ። ኬቭን ይባላል። ረጅም፣ ፊቱ ፀሐይ የበላው። በትንሽዬ የጎልፍ መኪና ይዞራል፣ ከላይዋ አይወርድም። ቁርስ ላይ መጣና "ኤቭሪቲንግ ኦኬ?" አለ።

ፓስተራችን ብድግ ብሎ "ቬሪ ጉድ፣ ታንክ ዩ!" አለው። ሽማግሌዎቹ ደረታቸውን ይዘው እጅ ነሡ። ሰናይት ዳቦ በማር ቀብታ ሰጠችው። እኔም ጎንበስ ብዬ "ጌታ ይመስገን" አልኩ።

ታዲያ ምን ልበል? ሰው በጠዋት እንዴት አደርሽ ሲልሽ ሽንት ቤቴ ሞልቷል ይባላል? መጀመሪያ ይመስገን ነው። ደግሞ ሲጠይቅሽ፣ ደግሞ ይመስገን። "ኧረ በእውነት እንዴት ነሽ?" ሲልሽ ያኔ ሰው ጉዱን ያወጣል። ይኼ ኬቭን ሁለተኛውን እንኳ ሳይጠይቅ ዳቦውን ጎርሶ እልም አለ።

ከሰዓት አብራን የመጣችውን እትዬ አስካለን በጸሎት መሃል አዞራት። ሽንት ቤት ላለመሄድ ውኃ መጠጣት አቁማ ኖሯል። ስኳር ያለባት ሴትዮ! አጠጣናት፣ ነፍሷ መለስ አለ። "ቤቴ ውሰዱኝ" አላለችም፣ እሷም ይሉኝታ ይዟት።

ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። እስከ እሑድ ጠዋት ካልተሠራ፣ በሩም ካልተከፈተ እንበተናለን፣ ጥምቀቱ ለከርሞ ይሁን አሉ።

ሊዲያን አየኋት። ትከሻዋን ነቀነቀች። "ከርሞማ ዩኒቨርሲቲ ነኝ፣ እማማ። አይ ዶንት ኖው።"

ይቺ አይ ዶንት ኖው ናት የምታስፈራኝ። ስንት ተንበርክኬ የለመንኩት ነገር ነው፣ በአንድ ሰንሰለት ሊቀር?

ዓርብ

ሊዲያ ለማንም ሳትናገር ኦፊስ ሄዳ ኮምፕሌይን አደረገች። እየጨሰች ተመለሰች። ምሳ ላይ ነበርን።

"ኬቭን ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? በዚህ ሰመር እንደናንተ ዓይነት እንግዳ አላየሁም፣ አንድም ሰው አላማረረም አለኝ! ማነው ደህና ነን ያለው?"

ሁሉም ሳህኑን ማየት ጀመረ። ፓስተራችን ሽሮውን በጣም አየው። እኔም የኔን አየሁ።

"እሱስ ዓይን የለውም?" አልኩ መጨረሻ ላይ።

"እማማ፣ ጠይቆሻል እኮ!"

እውነቷን ነው። ግን አልነገርኳትም።

ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አስሬ መንገዱ መሃል ቆምኩ። መኪናዋ መጣች። "ኤቭሪቲንግ ኦኬ?"

"ኖ ኦኬ" አልኩት። "ካም።"

እጁን ያዝኩት። ሰው ለግብዣ ሲጎተት እንደሚጎተተው አወረድኩት። ፓስተራችን ከሩቅ "እማማ ብርቄ፣ ኧረ ይተዉት!" ይለኛል። ምን አደረግኩት? አስጎበኘሁት እንጂ። ሽንት ቤቱን ከፈትኩና እሱን አስቀደምኩ። እንግዳ ነዋ።

ሲወጣ ብዙ ሰማይ ሰማይ አየ። ሻወሩን ከፈትኩለት፣ አሳለለት። በሩን አሳየሁት። ተከትላን የመጣችው ሊዲያ ተረጎመችልኝ፤ ባለቤትየው ሠራተኞቹን ካሰናበተ ወዲህ ብቻውን ነው፣ ይኼን ሁሉ ለመዞር አልደረሰም፣ የበሩ ቁልፍ ከጠፋ ቆይቷል። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። አሳዘነኝ። እጁን ግን አልለቀቅኩም።

ቅዳሜ

ቧንቧ ሠሪ መጣ! ሻወሩ መጀመሪያ ቡኒ ተፋ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ቀጥሎ ውኃ። ሽንት ቤቱ ታጠበ፣ በሩ ሳይቀር ይዘጋል። እትዬ አስካለ ሁለቴ ሻወር ገባች፣ "አንዱ ያንቺ ነው፣ ብርቄ" ብላ። ኬቭን ራሱ ሣሩን ሲያጭድ አረፈደ። መስኮታችን ያው ካርቶኑ ነው። ትንኙም ያው፣ እሱን ጌታ ያስብበት።

ሰንሰለቱ ግን አልተፈታም። ኬቭን መቁረጫ አመጣለሁ ብሎ ከሰዓት ሄደ፣ እስኪመሽ አልመጣም። ወጣቶቹ በአጥሩ እንዝለል ይላሉ። እኔን ማን ሊያዘልለኝ? ክሬን ጥሩልኝ አልኳቸው።

ሊዲያ መጥታ አጠገቤ ጋደም አለች።

"ካልተከፈተስ፣ እማማ?"

"ሻወሩ ሥር አቆምሻለሁ። ዛሬ ውኃ አለው።"

"አይሆንም! ሙሉ በሙሉ መጥለቅ አለብኝ እኮ። ትምህርቱን ረሳሽው?" ብላ ታስተምረኝ ጀመር፣ እኔን! የተማረችውን ሁሉ ዘረዘረችልኝ፣ በእጇ ጭምር እያሳየች።

ያልፈለገ ሰው እንዲህ አይከራከርም።

እሑድ ጠዋት

ነጭ ልብሷን ለብሳ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ስልኳን እንኳ አልነካችም። ሰናይት ፎጣ አጥፋ ትዘረጋለች፣ ዘርግታ ታጥፋለች። ሽማግሌዎቹ መኪናቸው አጠገብ ቆመዋል፤ ይጫኑ አይጫኑ አላወቁም። እኔ እጄ ሥራ እንዳይፈታ እጽፋለሁ።

የጎልፍ መኪናዋ መጣች። ቆመች። ደግሞ ሞተሩ ጠፋ። አጥፍቶት አያውቅም።

ተንኳኳ። ሊዲያ በሩን ገርበብ አደረገች።

"እማማ፣ ኬቭን ነው። አንቺን ነው የሚፈልገው።"

"ምን ይዟል? እጁን እዪልኝ።"

"በአንድ እጁ የሆነ ትልቅ መቀስ ነገር ነው። በአንዱ..." ሳቋ መጣ። "የተቆረጠው ሰንሰለት። ግን መጀመሪያ እንዴት ነሽ እያለሽ ነው። ነይ እንጂ! ቆሞ እየጠበቀሽ ነው።"

"መጣሁ በይው" አልኳት። ጫማዬን ከአልጋው ሥር ላውጣ።