ከማግኔቱ ሥር የነበረው ዲስኬት

ሰኞ

ማግኔቱ እላያቸው ላይ ቁጭ ብሏል! የብስኩት ቆርቆሮውን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ሦስቱ ዲስኬቶች ከሥር፣ እሱ ከላይ። ከአሮጌ ቴፕ ድምጽ ማጉያ የፈታሁት ነው፤ ወርቅ ፍለጋ መንጌ ወረዳ የሄድኩ ጊዜ ጥቁሩን አሸዋ ከወርቁ የምለይበት። ወርቁም አልተገኘ፣ ማግኔቱን አምጥቼ እዚህ ከተትኩት። ማግኔት ዲስኬት ላይ ያለውን እንደሚያጠፋ ለቢሮው ሰው ሁሉ የማስተምረው ደግሞ እኔ ነበርኩ!

ያኔ ቢሮ ስሠራ ጡብ የሚያህል ካሜራ ነበረን፤ ፎቶውን ዲስኬት ላይ ነው የሚያስቀምጠው። መንጌ ላይ የእማማ ሃዋን ልጅ ሙሳን አነሳሁት። በካሜራው ትንሽ መስኮት ሲስቅ ለእናቱ አሳየኋቸው። ከወር በኋላ የወርቅ ጉድጓድ ተደረመሰበት። ሌላ ፎቶ የለውም። "አትሜ አመጣልዎታለሁ" አልኩ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል ሃያ ዓመት አለፈ።

ትናንት ደወሉ። "ልጄ፣ አይን እየጠፋ ነው። ሐኪም የአይን ግፊት ነው አለ፣ የሄደ አይመለስም አለ። ጁምዓ እመጣለው። ሙሳን አሳየኝ።"

"አለ፣ በደንብ ተቀምጧል" አልኩ። ሳላይ! ምላሴ ይቆረጥ።

ማክሰኞ

ዲስኬት የሚያነብ ኮምፒውተር ፍለጋ። ሦስት ኮምፒውተር ቤት፣ ሁለት ሞባይል ጠጋኝ፣ የጓደኛዬ ሱቅ። የለም፣ የለም፣ የለም። አንዷ ጠጋኝ አገላብጣ አይታው "ጋሼ፣ ሲሙ የሚገባው የት ጋ ነው?" አለችኝ። ሳቅኩ ብል ውሸት ነው።

ከሰዓት ወይዘሮ ዓለም ትዝ አለችኝ፤ የድሮ ቢሮዬ ንብረት ክፍል ናት። "አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ፤ የሚያስወግደውን ኮሚቴ እየጠበቀ ነው" አለችኝ። ተመስገን! ኮሚቴ ባይዘገይ ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር።

ረቡዕ

ኮምፒውተሩ ተነሳ።  የተለጠፈው ጽሑፍ ለቋል፣ የሙሳ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

አንደኛውን አስገባሁ። ጠር… ጠር… "ፎርማት ይደረግ?" ብሎ ጠየቀኝ። እሺ ብል ጠርጎ ሊያጠፋው! እጄን እሳት እንደነካው ሰው ከቁልፉ ላይ አነሳሁ። አይነበብም።

ሁለተኛው ተከፈተ! የመንጌ ገበያ፣ አንድ መጋዘን፣ ማንጎ ሥር የቆመ ልጅ። ሙሳ አይደለም። ዕድሜው ግን ያው ነው፣ ሳቁም።

ሦስተኛው ማግኔቱ በቀጥታ የተኛበት ነው። አላስገባሁትም። ወይዘሮ ዓለም "ምነው?" ስትለኝ "መብራት ሊሄድ ነው" ብዬ ወጣሁ። መብራቱ የት ሊሄድ! የፈሪ ምክንያት።

ሐሙስ

ያሰብኩትን እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው። እማማ ሃዋ አሁን የሚያዩት በጠባብ ቀዳዳ ያህል ነው ይላሉ። የማንጎውን ልጅ አትሜ ብሰጣቸውስ? ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ማን ያውቃል?

ወይዘሮ ዓለም ዘንድ ተመልሼ አተምኩት። በጥሩ ወረቀት።

ባለቤቴ ዘነቡ አየችው። "ይሄ ነው ሙሳ?" ፎቶውን ገለበጥኩት። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።  የምፈራው ዲስኬቱን ይሁን ራሴን እንጃ።

ዓርብ

የፈሩት ይደርሳል። ከሶላት በኋላ እማማ ሃዋ ሱቄ መጡ። ፎቶውን ሰጠኋቸው። አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ እያሉ አዩት። 

"ይሄ ሙሳ አይደለም" አሉ። "ይሄ ጥርስ የተሸረፈ ነው። የጎረቤት የፋጡማ ልጅ ነው። አንድ ጉድጓድ ነው ሁለቱን የበላ።"

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ማግኔቱን፣ ውሸቱን፣ ፈርቼ የተውኩትን ሦስተኛ ዲስኬት፣ ሁሉንም ተናዘዝኩ። አልጮኹም። "ትፈራለህ?" አሉኝ። "አዎ።" "እኔም ይፈራል። ና እንሂድ።"

ወይዘሮ ዓለም ከፈተችልን። እማማ ሃዋ ወንበር ስበው ኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አስገባሁት። ጠር… ጠር… ጠር… "ፎርማት ይደረግ?" ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስቴም ያው።

"የለም እማማ። አጥፍቼዋለሁ" አልኩ። ሃምሳ ያለፈኝ ሰውዬ አለቀስኩ።

እማማ ሃዋ ከወንበሩ ተነሱ። ከዚያ የማንጎውን ልጅ ፎቶ በሻሻቸው ጠቀለሉት። "ፋጡማም የልጅ ፎቶ የለው። ለፋጡማ እወስዳለው። ፋጡማ አይኑ ደህና ነው።"

ዲስኬቱንም ጠየቁኝ። መዳፋቸው ላይ አድርገው ዳበሱት። "ሙሳ እዚህ ውስጥ ነው?"

"ነበር" ማለት ነበረብኝ። "አዎ፣ እዚህ ውስጥ ነው" አልኩ።

የሻሻቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውት ወደ መናኸሪያ ሄዱ። የዚህን ሳምንት ውሸቶቼን ስቆጥር፣ ይሄኛውን ከየትኛው ጋር እንደማደርገው አላውቅም።