ትሩዬ፣ ትንሿ ቤትሽ አለቀች

ትሩዬ፣ የቤቴ እመቤት፣

እንዴት ነሽ ብዬ እንዳልጠይቅሽ፣ ካለሽበት መልስ አይመጣም። ስለዚህ በእኔ ልጀምር፤ ደህና ነኝ። ከተለያየን ወዲህ ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። የአሶሳን ዝናብ ታውቂዋለሽ፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የስፌት መኪናዬን ድምፅ እንኳ አልሰማም። ድሮ እንዲህ ሲዘንብ ከትምህርት ቤት ትመጪና በር ላይ ጫማሽን አውልቀሽ፣ ጭቃውን በስንጥር እየፋቅሽ፣ የአንደኛ ክፍል ልጆችሽን ወሬ በጩኸት ትነግሪኝ ነበር። አሁን ዝናቡን ብቻዬን አዳምጣለሁ።

ቤታችን ብዙ አልተለወጠም። የማንጎው ትልቁ ቅርንጫፍ በነፋስ ተገንጥሎ አጥሩን ይዞት ወደቀ፤ በአዲስ የሽመል ቀርከሃ አጥሬዋለሁ። ልጃችን ምህረት ሸርቆሌ ክሊኒክ ነርስነቱን ለምዳዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ትመጣለች፤ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «አባዬ፣ አንተ ልብስ ሰፊ አይደለህ? ምነው ሸሚዝህ ቁልፍ የለው?» ብላ ትቆጣኛለች። ቁጣዋ ያንቺው ነው፤ ስለዚህ አንዳንዴ አውቄ ቁልፌን ሳልተክል እጠብቃታለሁ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ትንሿ ቤትሽ ነው።

ክረምቱ ሲገባ የመኝታ ቤታችን ጣሪያ አፈሰሰና ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ማራቅ ነበረብኝ። ከጀርባው ትንሿን ቤትሽን የሠራሽበት ካርቶን ተቀምጧል። ብድግ ሳደርገው ታቹ እጄ ላይ ዱቄት ሆነ። ምስጥ ገብቶበታል። በረንዳ ላይ አውጥቼ ከፈትኩት። አንዱ ግድግዳ ተበልቶ አልቋል፣ የጣሪያው ሣር ተንኮታኩቷል። የቀረው ግን አንቺ እንደተውሽው ነበር።

እኔ «የማይከራይ ቤት» እያልኩ ስቀልድብሽ፣ አንቺ ሳቅ ብለሽ ጎንበስ እንዳልሽ ትቀሪ እንደነበር ትዝ አለኝ። ከመኪናዬ ሥር የወደቀውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ለቃቅመሽ ትወስጂብኝ ነበር። የክብሪት እንጨት መሰላል ሆነ። የተሰበረ ዣንጥላ ሽቦ የበር መቀርቀሪያ ሆነ። ጎታ ነበረው፣ መደብ ነበረው፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈ የጣት ያህል ሞፈርና ቀንበር ነበረው። በልጅነትሽ ወሎ ጥላችሁት የመጣችሁት ቤት እንደሆነ ነግረሽኛል። ከዚያ አንድ ቀን ሥራውን አቆምሽ። ዓመታት አለፉ፣ ቤቷም እዚያ ጥግ ቀረች። የትምህርት ቤቱ ሥራ በዝቶብሽ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

በካርቶኑ ሥር በሻሽሽ ቁራጭ የተጠቀለሉ አሻንጉሊቶች አገኘሁ። እናትሽ አለች፤ በጥቁር ክር ፀጉሯን ሹሩባ ሠርተሻታል። ወንድምሽ አያሌው አለ፤ በእጁ ትንሽ ልጅ ይዟል። ትንሿ ልጅ አንቺ ነሽ። አራተኛው ሰውዬ ነው። ከእኔ ካኪ ቁምጣ፣ ከፋሻ ጋቢ አልብሰሽዋል፤ በትር አስይዘሽዋል። ፊት ግን የለውም። ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው፣ ባዶ ጨርቅ ነው። ጨርቁ ላይ መርፌ ገብቶ የወጣባቸው ቀዳዳዎች ብቻ አሉ። ሰፍተሽ ፈትተሽዋል፤ ደግመሽ ሰፍተሽ ደግመሽ ፈትተሽዋል።

ለምን እንዳቆምሽ ያን ጊዜ ገባኝ። የአባትሽን ፊት አታስታውሺውም ነበር።

ጎረቤታችን እማማ ሐዋ የዘነበበትን ሸክላዋን ልታስገባ ስትል አየችኝና መጣች። ካርቶኑን አይታ ጭንቅላቷን ያዘች። «ወላሂ! ትሩፋት ስንት ጊዜ ለፋ ለዚህ! አንተ ለምን መሬት ላይ አስቀመጠ?» አለችኝ። አማርኛው ስለሚያስቸግራት አንቺን ሁልጊዜ «እሱ» ነበር የምትልሽ፤ አንቺም «ዛሬ ደግሞ ወንድ ሆኜ ዋልኩ» እያልሽ ትስቂ ነበር። ያን ቀንም እንደ ወንድ ስለጠራችሽ ደስ አለኝ። ወዲያው ሄዳ የሽመል ፍልጥ ይዛልኝ መጣች። «ሽመል መጀመሪያ ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ ጭስ በላ፣ ከዚያ ምስጥ ጠላው» አለችኝ። እንዳለችው ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ ከዚያ ማድ ቤቷ ጣሪያ ሥር ጭስ ላይ ሰቀለችልኝ። ሲደርቅ በምላጭ እየሰነጠቅሁ አዲሱን ግድግዳ መሥራት ጀመርኩ።

የኔ ጣት ለዚህ አልተፈጠረም ትሩዬ። ዩኒፎርም መስፋት ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ላይ ቢሳሳቱም መተኮሻ ይሸፍነዋል። ስንጥሩ ይሰበራል፣ ማጣበቂያው ከግድግዳው ይልቅ እኔን ያጣብቀኛል። ምህረት ቅዳሜ መጥታ አየችኝና ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቋርጣ ፊት የሌለውን ሰውዬ አነሣች። ብዙ አየችው። «ይሄ አያቴ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ታዲያ እንዲህማ አናስቀምጠውም። ጋሼ አያሌው ያውቀው የለ?»

እኔም እሱን እያሰብኩ ነበር፤ ግን ፈርቼ ነበር። ወንድምሽ ከወሎ ስለመጣችሁበት ዘመን አንድ ቃል እንደማይተነፍስ ታውቂያለሽ። እናትሽም እስክትሞት ድረስ የአባትሽ ስም ሲነሣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል ከማድረግ በቀር ምንም አላለችም። ቢሆንም አሻንጉሊቱን በመሐረብ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩና ወደ ባምባሲ ሄድኩ። ከዚያ ወደ መንደራችሁ፣ ያ እስከ ዛሬ በቁጥር ወደሚጠራው የሰፈራ ጣቢያ፣ በሞተር ገባሁ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወርደን ሞተሩን ገፍተናል።

አያሌው በቆሎ ውስጥ ነበር። አረሙን ትቶ መጣ፣ እጁን በሣር ጠረገ፣ ሳመኝ። ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ምን ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅሁ መሐረቡን ፈትቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

«አባባ ነው» አለ። ማን እንደሆነ ገና አልነገርኩትም ነበር።

«በምን አወቅህ? ፊት እንኳ የለውም» አልኩት።

«ጋቢውን እየው። በቀኝ ትከሻው አጣፍቶታል። በትሩን በግራ ይዟል። አባባ ግራኝ ነበር።» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «እሷ ይሄን ታስታውስ ነበር ማለት ነው? እኮ ያን ጊዜ ጥርሷ እንኳ ገና አልተነቀለም!»

ትሩዬ፣ አስታውሰሽ ነበር። አላስታውስም ስትዪ እጅሽ ያስታውስ ነበር።

አያሌው ያን ቀን አወራኝ። እስከ ዛሬ ለሚስቱም ለልጆቹም ያልነገራቸውን ነው። በዚያ በድርቅ ዓመት እህል ይታደላል ተብሎ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ነበር አለ። አባትሽ የቀረውን አንድ በሬ ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ልምጣ ብሎ ተነሣ። ሲሄድ አያሌውን ጠርቶ «የእህትህን እጅ እንዳትለቅ» አለው። እሱ ሳይመለስ መኪና መጣ። የመንግሥት ሰዎች ለሰፈራ ብለው እናንተን ጫኗችሁ። እናትሽ ጮኸች፣ የሚሰማት አልነበረም። ከመኪናው ወደ አውሮፕላን፣ ከአውሮፕላን ወደዚህ። አያሌው መንገዱን ሁሉ እጅሽን አልለቀቀም። ሲተኛም አልለቀቀም። ሽመል ጫካ ውስጥ አውርደዋችሁ ጎጆ ሥሩ ሲባል እንኳ በአንድ እጁ ሣር ይሸከም ነበር። «ያመኛል ብላ እያለቀሰች አለቅም አልኳት» አለኝ። አባትሽ በዚያው ዓመት መሞቱን የሰማችሁት ብዙ ቆይቶ፣ ከአገር በመጣ ሰው አፍ ነው።

«ፊቱስ?» አልኩት። «ምን ይመስል ነበር?»

አሻንጉሊቱን መዳፉ ላይ አገላበጠው። «እሷም ጠይቃኝ ነበር። እዚሁ መጥታ ነው፤ አሻንጉሊት እንደምትሠራ አልነገረችኝም። ‹ወንድምዬ፣ አባባ ምን ይመስል ነበር?› አለችኝ። ‹ሰው ይመስል ነበር› ብያት ሣቅሁ። አፌ እሺ አላለኝም። ምን ልበላት? መስታወት ያዢ ልበላት? ቁርጥ እሱን እኮ ነበረች! ግንባሯ፣ ዓይኗ፣ ስትስቅ አንዱን ቅንድቧን ከፍ የምታደርጋት ነገር። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ አባባን ነበር የማየው። ስትሞት ሁለቱንም አንድ ቀን ቀበርኳቸው።»

ከዚያ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ሚስቱ ከቤት ወጥታ አየችንና ተመልሳ ገባች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ምህረት ስትመጣ ነገርኳት። የምረቃዋ ቀን አብረን የተነሣነውን ፎቶ አወረደች፤ አንቺ የምትስቂበትን። ጠረጴዛው ላይ አቆምነው። እኔ ቀጭኑን መርፌ መረጥኩ፣ ከሐር ክሩ አንዷን ዘለላ ለይቼ ሰካሁላት። መስፋቱን ግን ለእሷ ሰጠኋት፤ የሰው ቁስል የሚሰፋ እጅ ከኔ ይሻላል። ትንፋሿን ይዛ ሰፋች። ግራውን ዓይን፣ ቀኙን ዓይን። ቅንድቡ ጋ ስትደርስ መርፌውን ሰጠችኝና «ይህቺን አንተ አድርጋት፣ ከኔ በላይ አንተ ታውቃታለህ» አለችኝ። አንዷን ቅንድብ ትንሽ ከፍ አድርጌ ሰፋኋት። ስጨርስ ከፎቶሽ አጠገብ አቆምነው። እንዲያው ሰውዬው ሊናገረን ያለ ይመስል ነበር።

ቤቷን ጨረስናት። ጣሪያውን በአዲስ ሣር ከደንን። እማማ ሐዋ ከጭቃዋ ቆርሳ ጋንና እንስራ ሠርታ፣ ከትልልቆቹ ጋር ተኩሳ አመጣችልን። «ትሩፋት ያያል» አለች። አሜን አልናት።

አያሌው ሊያያት አሶሳ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ ብሎ በበሩ ወደ ውስጥ አየ። ሲነሣ «ለአባባ ተዝካር አውጥተንለት አናውቅም» አለ። እውነቱን ነው። ሬሳ የለ፣ ቀን የለ፣ መርዶውም በቅጡ አልተነገረ። እናንተም እንደ ተንጠለጠላችሁ ቀራችሁ። «ከፍልሰታ በኋላ አወጣለታለሁ። ቤቷን ትሰጡኛላችሁ?» አለን። ምህረት እኔን አየችኝ። አንቺን ማማከር ፈለግሁ ትሩዬ፤ ግን መልሱን አውቀዋለሁ አልኩና እሺ አልነው።

ባለፈው ሳምንት ተዝካሩ ወጣ። ቤቷን ጉልበታችን ላይ አድርገን በሚኒባስ ወሰድናት፤ ተሳፋሪው ሁሉ በየተራ ያይ ነበር። ዳሱ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥናት። መንደሩ ሁሉ መጣ። ከእናንተ ቀዬ አብረው የተጫኑ፣ አሁን ጥቂት የቀሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። ካህኑ ጸሎቱን ሲያሳርግ አንዲት አሮጊት በልጃቸው ተደግፈው ወደ ጠረጴዛው መጡ። ዓይናቸውን አጥብበው አዩ።

«ይህች የይመር ቤት አይደለች?» አሉ።

አያሌው «አዎ እማማ፣ የአባቴ ናት» አላቸው።

«አስቀማመጧ ልክ አይደለም» አሉ። «በሩ ወደ ወንዙ ነበር የሚያየው። እኛ ከማዶ ሆነን ‹ይመር፣ ደህና አደርክ?› ስንለው በሩ ላይ ቆሞ ነበር የሚመልስልን።» ከዚያ ቤቷን ቀስ አድርገው አዞሯት። አባትሽን ከመደቡ አንሥተው በሩ ላይ አቆሙት። «ይመር፣ ደህና አደርክ?» አሉት። ዳሱ ሙሉ ሰው አለቀሰ። አርባ ዓመት የቆየ ልቅሶ ነው፤ ማንም ማንንም ተው አላለም። አያሌው ልጆቹን በአጠገቡ ሰብስቦ እየጠቆመ ያሳያቸው ጀመር፤ ይሄ ጎታው ነው፣ ይሄ ሞፈሩ ነው፣ ይህቺ አክስታችሁ ናት፣ ይሄ እኔ ነኝ። ሚስቱ ደግሞ ከኋላቸው ቆማ እንደ ልጅ ትሰማ ነበር።

ቤቷ እዚያው ቀረች። ምህረት ይከፋታል ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ስንመለስ ትከሻዬ ላይ ተኝታ መጣች። እኔም ብዙ ጊዜ ያልተሰማኝ ቅለት ተሰማኝ።

ትሩዬ፣ አያሌው በየዓመቱ ይህን ቀን እንደማያስታጉል ነግሮኛል። እኔም በሕይወት እስካለሁ ከጎኑ አልጠፋም። ካህኑ የአባትሽን ስም ሲጠሩ ያንቺን ከሥሩ አስጠራለሁ፤ ይመርና ልጁ ትሩፋት እያሉ አብረው ያነሷችኋል። እኔ ስደክም ምህረት ታስጠራለች። ይህን ከእሷ ጋር ተነጋግረናል፣ ቃሏንም ሰጥታኛለች። አባትሽን ካገኘሽው እጁን ሳሚልኝ፤ አማቹ እንደሆንኩ ንገሪው።

የኔው የምትዪኝ፣
ባልሽ