ባለ ዲግሪዋ ማረሻ እንዳትቀጠቅጥ ስለ መከልከሏ

ኅዳር 12 ቀን 2005 ዓ.ም.
ደባርቅ

ይድረስ ለክቡር የከተማችን የሙያ ብቃትና የመሥሪያ ቦታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? የኅዳር ውርጭ እንዳይጎዳዎ እያሰብሁ እሰነብታለሁ። እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ፤ ወገቤንም የጎዳው መዶሻው ሳይሆን የጽሕፈት ቤትዎ አግዳሚ ወንበር ነው። ቢሆንም ስለ ወንበሩ አመሰግናለሁ፤ ቆመው የሚጠብቁ እንዳሉ አይቻለሁና።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ አደራዎን። ከዚህ በፊት በግል ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች በሂደት ላይ ናቸው ስለተባልሁ፣ አራተኛውን ሂደቱ እንዳይበዛበት ሰው ሁሉ በሚያልፍበት አኖርሁት።

ምናልባት ፊቴን ረስተውት እንደሆነ፣ ሀብተ ሚካኤል ደርቤ እባላለሁ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ቆርቆሮ ቤት ብረት የምቀጠቅጥ ባለ እጅ ነኝ። በልጅነቴ ደረስጌ ማርያም ሰባት ዓመት ዜማና ትርጓሜ ተምሬ ዲቁና ተቀብያለሁ። ብረቱን ያስተማረኝ ዝናቡ የሚባል ቤተ እስራኤል ጎረቤታችን ነበር። አገሬው ማረሻውን ያሠራበታል፣ ዘወር ሲል ደግሞ ቡዳ ይለዋል። በሰማንያ ሦስት ዝናቡ ቤተሰቡን ይዞ እስራኤል ሲገባ ብረት የሚቀጠቀጥበትን መስፉንና ጉጠቱን ለእኔ በአደራ ትቶ ሄደ። በዚያ ዓመት በእኛ አካባቢ ማረሻ የሚያሾል ሰው ታጣ፤ የደነዘዘ ብረት ተሸክሞ የሚዞር ገበሬ አይቼ አላስችል ቢለኝ መቋሚያዬን አስቀምጬ መዶሻ አነሣሁ። ዲያቆን ጠይብ ሆነ ተብሎ የእናቴ ልጆች ሦስት ዓመት በአንድ ዋንጫ አልጠጡልኝም።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ፤ መሥሪያ ቤት ተራ ቁጥር እንደሚወድ ስለተረዳሁ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩ኛ. ባለፈው ግንቦት የሙያ ብቃት ምዘና እንድፈተን ስለጠሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሃያ አንድ ዓመት ማረሻ የሠራሁለት ገበሬ አንድ ቀን እንኳ ብቃትህን አሳየኝ ሳይለኝ በመቅረቱ ቅር ይለኝ ነበር። የጽሑፉ ፈተና፣ የተቀጠቀጠ ብረት በምን ይቀዘቅዛል ብሎ፣ በውኃ፣ በዘይት፣ በአየር፣ በአሸዋ ከሚሉት አንዱን ምረጥ ይላል። እኔ በተማርሁበት ቤት አንድ ፍቺ ብቻ ይዞ የሚቀመጥ ተማሪ ምሥጢሩ አልገባውም ተብሎ ይገሠጻል። ስለዚህ በለመድሁት ሥርዓት፣ አንድም በውኃ ነው፣ የማረሻው ጫፍ ይጠነክር ዘንድ፤ አንድም በዘይት ነው፣ የመኪና ባሌስትራ ከሆነ በውኃ ይሰነጠቃልና፤ አንድም በአየር ነው፣ መታጠፍ ያለበት ብረት ከሆነ፤ ብዬ የሃያውንም ጥያቄ ትርጓሜ በወረቀቱ ጀርባ ሳይቀር ጽፌ አስረከብሁ። ውጤቴ ከሃያ ዜሮ ሆኖ መጣ፤ ከአንድ በላይ የመረጠ አይታረምለትም አሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ብረት አንድ ዓይነት ብቻ እንዲሆን በመመሪያ መወሰኑን አልሰማሁም ነበር። በጽሑፍ የወደቀ በተግባር አይፈተንም ስለተባለም መዶሻዬን ሳላነሣ ተመለስሁ። መዛኙ ልጅ ጨዋ ነው፤ በዲግሪ የተመረቀ ነው፤ ወጥቼ ስሄድ ተከትሎኝ፣ አባቴ አይዘኑብኝ፣ እኔ ራሴ የጋለ ብረት ይዤ አላውቅም አለኝ። ይብላኝ ለእሱ እንጂ እኔስ አርጅቻለሁ።

፪ኛ. ይህ የልጄ የእሌኒ ጉዳይ ነውና ጥቂት እንዲታገሡኝ እለምናለሁ። እሌኒን ከብረቱ ያራቅኋት እኔ ራሴ ነኝ። ሰው የጠይብ ልጅ ብሎ እንዳይሰድባት፣ ለጋብቻ አጥንት የሚቆጥር እንዳያሳፍራት፣ ትንሽ ሆና ወናፍ ልትነፋ ስትመጣ በአለንጋ እያባረርሁ ወደ ትምህርት ቤት ሰደድኋት። አገሬው የተማረ ይግደለኝ ይላል፤ እኔም አልሁ። በሁለት ሺህ ሁለት በማኔጅመንት በዲግሪ ተመረቀች፤ እናቷ የሺወርቅ፣ ልጅቱ ጋዋን ለብሳ የተነሣችውን ፎቶ አልጋው ራስጌ ሰቀለች፤ እኛም ሁለት በግ አርደን ጎረቤት ጠራን። ከዚያ በኋላ ልጅቱ ጠዋት ጠዋት እዚህ ሰሌዳ ሥር መቆም ሆነ ሥራዋ። ማስታወቂያው የሥራ ልምድ ይላል፤ ልምዱ ደግሞ ሥራ ይላል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

አምና በጥቅምት አንድ ማለዳ ወደ መሥሪያዬ ገብታ ጉጠቱን አነሣች። እኔም ለማባረር አቅም አጣሁ። ስድስት ወር ሳይሞላት እጇ ከእኔ እጅ ረጋ። መጀመሪያ የሠራችውን ማረሻ የወሰደ የበየዳ ገበሬ ሁለት ወንድሞቹን አስከትሎ መጣና፣ እንደ አገሩ ልማድ ከሰሉን ራሱ አምጥቶ፣ ወናፉንም ራሱ እየነፋ፣ አባትየው ይረፉና ልጅቱ ትሥራልን አለ፤ ያውም ፊት ለፊቴ። ቅር አላለኝም ብል ዋሸሁ። ደስም ብሎኝ ነበር።

በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ሥራ ሳይንቁ መሥራትን የሚያመሰግን ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ እሌኒ አንብባ ስላመነችው ገባች። የብረት ሥራ ደረጃ አንድ ልመዝገብና የመሥሪያ ቦታ ይሰጠን ብትል፣ ማኅተም ያረፈበት መልስ ተሰጣት። እንዳለ እጠቅሰዋለሁ፦ «አመልካች በዲግሪ የተመረቀች በመሆኗ ወደ ዝቅተኛ ደረጃ ወርዳ መመዝገብ አትችልም፤ በተመረቀችበት መስክ እንድትደራጅ ይመከራል።» መስኩ ሥራ ማስተዳደር ነው አሉን፤ የሚተዳደረው ሥራ በየትኛው መስኮት እንደሚሰጥ ግን አልተነገረንም። በእኔ ሥር ሠልጣኝ ትሁን ብንል ደግሞ አሠልጣኙ የወደቀ ነው ተባለ። እንግዲህ እኔ አንሼ ቀረሁ፣ እሷ በልጣ ቀረች፤ ልክዎ የሆነ ሰው ካገኙ ቢያሳዩን ደስ ይለናል።

፫ኛ. ይህ አጭር ነው። ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው የሚሠራባት ቤት ናትና ኅዳር ሠላሳ ቆርቆሮዋ ትነሣለች የሚል ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ቀኑን አስቀድመው ስላስታወቁኝ እግዜር ይስጥልኝ። እሌኒ ቦታው ከተነሣ ዐረብ አገር እሄዳለሁ ብላለች። ለማስፈራራት አይደለም፣ እሷ ያለችውን የምታደርግ ልጅ ናት። የሺወርቅ ይህን ከሰማች ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም።

፬ኛ. አራተኛም ነበረኝ፤ ደክሞኝ ትቼዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ዲግሪ ከንቱ ነው አላልሁም፤ የሺወርቅን በወሊድ ከሞት ያተረፋት የተማረ ሐኪም ነው። ሙያም በልብ ነውና ስለ ራሴ ብዙ አልናገርም። ግን ድሮ ሰው ብረት ለሚሠራ እጅ ቡዳ የሚል ስም አወጣለት፤ ዛሬ እርስዎ ዝቅተኛ ደረጃ የሚል ስም አወጡለት። ስድቡ በመሻሻሉ አመሰግናለሁ። እኔም ከእርስዎ አልሻልም፤ እርስዎ በማኅተም የከለከሏትን እኔ ቀደም ብዬ በአለንጋ ከልክያታለሁ፤ ይህ ሲቆጨኝ ይኖራል። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያቺን ቆርቆሮ ቤት ለስድስት ወር ለልጄ ይተዉላት። እኔ ካስቀየምሁዎ እኔ ልውጣ።

ዕድሜና ሹመት ይጨምርልዎ፤ የማኅተምዎ ቀለም አይድረቅ፤ ከደጅዎ ሰልፍ አይጥፋ፤ ልጆችዎንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃልዎ እያልሁ፣ በጽሑፍ የወደቅሁ በተግባር ያልተጠየቅሁ አክባሪዎ፣

ሀብተ ሚካኤል ደርቤ
የቀድሞ ዲያቆን፣ የአሁን ቀጥቃጭ

ግልባጭ፦
ለዝናቡ፣ ባለበት እስራኤል፤ አደራውን ማቆየት እንዳቃተኝ ያውቀው ዘንድ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ፈርሜ ሳልለጥፈው፣ ኅዳር ሠላሳን መጠበቅ ትታ ጎንደር የወረደችው እሌኒ ተመለሰች። ወደ ዐረብ አገር የሚልከው ደላላ ቅጽ አስሞልቷታል። የትምህርት ደረጃ በሚለው ላይ ዲግሪ ብላ ብትጽፍ፣ አሠሪዎቹ የተማረች ቤት ጠራጊ አይፈልጉም፣ ስምንተኛ ክፍል በይው ብሎ አሰርዟታል። እርስዎ ወርዳ መመዝገብ አትችልም ያሏት ልጅ፣ ደላላው ዘንድ በአንድ ስርዝ ወርዳ ተመዘገበች። ሻንጣዋ ውስጥ እንዳይገኝባት ስለተባለም ዋናውን ዲግሪ ለእርስዎ ከማስገባው የዚህ ደብዳቤ ቅጂ ጋር አያይዣለሁ፤ እባክዎ ፈርመው ይረከቡልን። እሑድ ትሄዳለች።